ውኃ ሊቀዳ የወረደው ሰው

ቴፒ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ግንባር ላለኸው ወንድሜ ለኑዕማን፣

እኔ መርዋ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን የእምነት ቃል እሰጣለሁ። ዳንኤል የሚያደርስልህ የሸኮ ማር ከሱቃችን ሲነሳ ጣሳው እስከ አፉ ሙሉ ነበር። አሁን ሁለት ጣት ጎድሏል። ጣቶቹ የእኔ ናቸው። ጾም ስላልነበረ ከአላህ ጋር ጸብ የለኝም፤ ከአያቴ ጋር እንዳልጣላ ግን መንገድ ላይ ፈሰሰ በል። ዳንኤል የሚዛን ከተማ ልጅ፣ የጦሩ መኪና ሾፌር ነው፣ እረፍቱን ጨርሶ ወደ እናንተ ተመላሽ ነው፤ ስሙ ቴፒ ላይ ቢጠፋ ብዙ አይጎዳም።

ሥርዓቱን አልረሳኸውም። አያቴ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ እናትህ እትዬ ጣይባ ባሉበት ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ይታሸጋል። ቁርአኑን በቃላቸው የሚወጡት ሰውዬ የአማርኛ ፊደል ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ይደክማል። ስለዚህ በቅንፍ ያለው የእኔ ነው፤ ሳነብ እዘለዋለሁ። ይኸው ቃላቸው፦

«ለወንድሜ የልጅ ልጅ፣ አራት ዓመት ሱቄ ውስጥ ጨውና ስኳር ለመዘንክልኝ ለኑዕማን። የአላህ ሰላምና እዝነት ካንተ ጋር ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። (ጣራው ያፈሳል። ስኳሩን ወደ አቡጀዲው ጥግ አዛወርነው፤ አሁን አቡጀዲውን ጉንዳን ወርሶታል።) የዘንድሮ ቡና ቀልቷል፣ ለቃሚ ግን ጠፍቷል፤ ልጆቹ ሁሉ አንተ ወዳለህበት መጥተዋል። ሱቁን በሚገባ ይዘነዋል። (አውራ ጣታቸው አሁንም ሚዛኑ ላይ ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት የሸኮ ሴትዮ ‹አባመጫ፣ ጣትዎንም ይጠቅልሉልኝ፣ ከፍዬበታለሁ› አለቻቸው።) ደፋር ሁን። አንተ የጀግና ዘር ነህ። እኔ በ1970 ሚሊሺያ ሆኜ ሰሜን ስዘምት ያንን ኮረብታ ብቻዬን እንደያዝኩት አትርሳ። (አንተ ስትሄድ የገደሏቸው ሰዎች ሰባት ነበሩ። አሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል። ከተመለሱ ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ሰዎቹ ግን ሱቃችን ውስጥ መሞታቸውን አላቆሙም።)»

እናትህ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ይበላል ወይ በዪው።»

መርዋ


ከግንባር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ ለአባመጫ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባው ደህና ነኝ። እናቴን እበላለሁ በሏት። ማሩ ደርሶኛል፤ መንገድ ላይ ሁለት ጣት ፈሷል። (መርዋ፣ ቅንፍ የምታውቂው አንቺ ብቻ አይደለሽም።) ቢቻል ደግሞ ኮረሪማ ላኩልኝ። እዚህ የሚፈላውን ሻይ ያለ ኮረሪማ መጠጣት ከባድ ነው።

ከዚህ በታች ያለው እናቴ በሌለችበት ይነበብልዎ። በፖስታ ሳይሆን በዳንኤል እጅ የላኩትም ለዚህ ነው።

አባባ፣ ከእኛ ምሽግና ከእነሱ ምሽግ መካከል አንድ ምንጭ አለ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከማዶ አንድ ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ወረደ። ጥበቃው የእኔ ተራ ነበር። ቀድቶ እስኪጨርስ አየሁት። ክዳኑን እያጠበቀ ሳለ ተኩስ ተባልኩ። ተኮስኩ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነው። እነሱም ወርደው አላነሱትም፣ እኛም አላነሳነውም፤ የወረደ ይመታል። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ምሳ የሚበላ የለም።

እርስዎ የኮረብታውን ታሪክ ሲያወሩ እኔ ጨው እየመዘንኩ እሰማ ነበር። ሁልጊዜ እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። ለመሳቅ ስንት ጊዜ ፈጀብዎ? ሶላት ላይ ሲቆሙ ምን ይሉ ነበር? እኔ አላሁ አክበር ብዬ እጄን ሳነሳ እጄን አየዋለሁ፣ ከዚያ የምቀራው የቁርአን ቃል ይጠፋኛል። ታዝዤ ነው። ወንጀሉ የማን ነው?

መልስዎን እጠብቃለሁ። ዳንኤል በጥር ወደ እኛ ይመለሳል።

ኑዕማን


ቴፒ፣ ጥር 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑዕማን፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካንተ ጋር ይሁን። ረመዳንን በሰላም እንድታገባድደው ዱዓ እናደርጋለን። ኮረሪማው ከዚህ ጋር ተልኳል።

ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። አትጨነቅ። አራት ዓመት አጠገቤ ሚዛን ይዘህ ቆመሃል፤ ሚዛን ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ሰው ያላግባብ ቢመዝንበት ሚዛኑ አይኮነንም፤ ማሰሮ ቢጭኑበት ማሰሮ፣ ወርቅ ቢጭኑበት ወርቅ ይመዝናል። ወታደርም እንደዚሁ ነው። የሚጫንበትን ይሸከማል፤ የሚጠየቀው የጫነው ነው። አንተ ተኩስ ተባልክ፣ ተኮስክ። ወንጀሉ ባዘዘህ ላይ ነው፣ ያዘዘህንም ያዘዘው አለ፤ ላይ ድረስ ይሄዳል እንጂ ወዳንተ አይወርድም። እኔም አሥራ አንዱን ጊዜ እንዲህ ብዬ ነው የተኛሁት።

ስለዚህ ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ስትሰግድ እጅህን አትይ።

አያትህ አባመጫ


ከግንባር፣ የካቲት 27 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አላህ እድሜ ይስጥዎ። መርዋ በቅንፍ አንድም ነገር አለማለቷ ገርሞኛል፤ አሟታል እንዴ?

እንዳሉኝ አደረግሁ። እተኛለሁ። ደብዳቤዎን ለምሽጉ ልጆች አነበብኩላቸው፣ ወረቀት ላይ ገልብጠው በየኪሳቸው ይዘውታል። አለሙ የሚባል ክርስቲያን ጓደኛ አለኝ፣ «የእኛ ቄስ እንዲህ ጥርት አድርጎ አልነገረኝም» ብሎ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። አሁን አንድ ሰው ሲከፋው «ሚዛን አይኮነንም» ይባላል፤ እንደ ሰላምታ ሆኗል።

የምንጩን ጥበቃ ማንም አይወደውም ነበር። እኔ በፈቃዴ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወርደዋል። ሁለት ጊዜ።

ኮረሪማው ይቅር፣ ሌላም ነገር አትላኩ። ምንም አያምረኝም።

ኑዕማን


ቴፒ፣ መጋቢት 19 ቀን 1991 ዓ.ም.

ኑዕማን፣

የጥር ሦስቱን ደብዳቤ አያቴ አልተናገሩትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄህን ከኋላ ባለው መጋዘን፣ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው አነበብኩላቸው። «ነገ» አሉኝ። በማግስቱም «ነገ» አሉ። ከዚያ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር የሚቆጠር ጆንያ ትዝ ይላቸዋል። ደንበኛ ስለ ኮረብታው ሲጠይቃቸው ጥርሴን አሞኛል ይላሉ። እኔ ሽማግሌ ሰነፈ ብዬ ነው ያሰብኩት። የእሳቸውን አነጋገር ከእሳቸው በላይ እችለዋለሁ፣ ሰፈሩን ስንት ጊዜ አስቄበታለሁ። ዳንኤል በሁለት ቀን ሊሄድ ነው። ጾሜን ይዤ በግማሽ ሰዓት ጻፍኩት፣ ስጨርስም ኮራሁ። የሚዛኗን ነገር ሦስት ጊዜ ለራሴ አነበብኳት። እንድትተኛ ፈልጌ ነበር፤ ተኛህ። «ሁለት ጊዜ» ብለህ የተውካትን ሳነብ ግን ሁለት ሰው እንደወደቀ ገባኝ።

ለአያቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። የውሸቱን ደብዳቤ፣ ከዚያ ያንተን አነበብኩላቸው። ይመቱኛል ብዬ በሩ አጠገብ ነበር የቆምኩት። አልመቱኝም።

«ድምፄን ከየት አመጣሽው?» አሉ።

«ከሱቁ።»

«አዎ፣ እዚያ ነው የጣልኩት» አሉ።

አሁን እሳቸው እየተናገሩ ነው የምጽፈው። አላመኑኝም፤ ስጨርስ የሚያነብላቸው ጎረቤታችን ቲቶ ነው። ሬዲዮ ጠጋኙን ታውቀዋለህ፦ ጴንጤ ነው፣ መጠጥ አይነካም፣ ውሸት አይነካም፣ ቀልድም አይነካም። ስለዚህ ቅንፍ የለም።

«ኑዕማን ልጄ። ያ ኮረብታ የለም። አሥራ አንዱም ሰባቱም የሉም። ጠብመንጃ ተሰጥቶኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተቀብለው አካፋ ሰጡኝ። አሥራ አራት ወር ሬሳ ቀበርኩ፣ የእኛንም የእነሱንም። ስመለስ ምን ሠራህ አሉኝ። ቀበርኩ ብል ከእጄ ማን ስኳር ይገዛል አልኩ። አንድ ሰው ገደልኩ ብዬ አወራሁ፤ ሻይ ጋበዙኝ። ሌላ ጨመርኩ። አንተ ጨው እየመዘንክ ትሰማኝ እንደነበር አውቃለሁ። ለምን እንደተመዘገብክም አውቃለሁ። የመጨረሻዋን ቀን እንኳ እውነቱን ብነግርህ ትቀር ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ። ይህ የእኔ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም።

ወንጀሉ የማን ነው ላልከኝ፣ አላውቅም። አላህ ያውቃል። ሀገር ሲነካ ቁጭ አይባልም የሚሉት ውሸታሞች አይደሉም። ያዘዘህም ስለ ራሱ ይመልሳል። አንተ ግን ሚዛን ነኝ አትበል። ሠላሳ ዓመት ሚዛን ይዤ ኖሬአለሁ። ሚዛን ሰርቆ አያውቅም። የሰረቅኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ ጣቴ። ያንን ሰው ያየኸው በዓይንህ ነው፣ የተኮስከውም በእጅህ ነው። ለእጅህ ሌላ ስም አታውጣለት፤ አንዴ ካወጣህለት ነገ አንተ ስትጠራው አይሰማህም።

የመግደሉን ስለማላውቅ የማውቀውን ልንገርህ። የእኛም የእነሱም ሰው ሲነሳ እኩል ይከብዳል። እስላሙን ከክርስቲያኑ የምለይበት አልነበረኝም፣ የምጠይቀውም ሰው የለም። ሁሉንም በቀኝ ጎናቸው፣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ አድርጌ አስተኛኋቸው። ክርስቲያኑን በማያውቀው ሥርዓት ቀብሬ በድዬው ይሆን? ሃያ ዓመት ሙሉ ሶላት ላይ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ከዚያ ጥበቃ ውጣ፣ ከቻልክ። ካልቻልክ ደግሞ፣ ሰው ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ እጁ የማን እንደሆነ አስብ። ከዚህ በላይ እዚህ ጥላ ሥር ተቀምጬ ላዝህ አልችልም።»

ከላይ ያለው አባመጫ በተናገሩት መሠረት መጻፉን አረጋግጣለሁ። ቲቶ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ።


ከግንባር፣ ግንቦት 30 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለአባባ፣

ደህና ነኝ። እናቴን እበላለሁ በሏት። ጦሩ ወደ ፊት ተንቀሳቅሷል፤ ምንጩ አሁን ከኋላችን ነው።

ነጭ አቡጀዲ ስድስት ሜትር ላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

መርዋ፣ ስላንቺ ሌላ ጊዜ።

ኑዕማን


ቴፒ፣ ሰኔ 24 ቀን 1991 ዓ.ም.

ኑዕማን፣

«ስላንቺ ሌላ ጊዜ» የምትለዋን አሥር ጊዜ አነበብኳት። ይገባኛል።

አቡጀዲው ከዳንኤል ጋር ተልኮልሃል። እንዴት እንደተቆረጠ ልንገርህ። ደብዳቤህ እትዬ ጣይባ ባሉበት ነው የተነበበው፤ እሳቸው «ለአንሶላ ይሆናል፣ ልጄ ንጹሕ ይወዳል» አሉና ደስ ብሏቸው ወደ ጓሮ ገቡ። አያቴ ጣቃውን አውርደው በሜትሩ እንጨት ለኩ። ጣታቸውን አየሁት፤ ከእንጨቱ ጫፍ ወዲያ ነበር። ስድስት ብለው ሲጨርሱ አንድ ሜትር ጨመሩ። ከዚያ ጨርቁን ወደ አፋቸው ወስደው ጫፉን በጥርሳቸው ያዙና በእጃቸው ቀደዱት።

አራት ዓመት ሱቃችን ውስጥ ነበርክ። ለልብስ፣ ለአንሶላ በመቀስ ነው። አያቴ በእጃቸው የሚቀድዱት ለከፈን፣ ሬሳ ለሚጠቀለልበት ጨርቅ ብቻ ነው።

ድምፁ ጓሮ ድረስ ተሰማ። እናትህ እጃቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ሮጠው ገቡ። መቀሱን አዩት፣ ባንኮኒው ላይ በቦታው ነው። አያቴን አዩዋቸው።

«የእኔ ነው ወይስ የሰው?» አሉ።

«የሰው ነው።»

እትዬ ጣይባ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁና ቁጭ ብለው ከተቀደደው ጫፍ ላይ ክሩን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። የማን ሰው አላሉም። ሲጨርሱ አጣጥፈው መካከሉ ላይ ለዒድ ያስቀመጡትን የዓጢር ሽቶ ብልቃጥ ከተቱ። ይበላል ወይ በዪውም አላሉኝም። ስለዚህ እኔ ልጠይቅህ፤ ትበላለህ ወይ?

አያቴ ከቲቶ ዘንድ ፊደል ጀምረዋል። ቲቶ የተቃጠለ ሬዲዮ በእጁ ይዞ ያስቀጽላቸዋል። «ከእንግዲህ በእኔ ስም የሚጻፈውን በዓይኔ ነው የማየው» ብለዋል። እስካሁን ለ ላይ ናቸው፤ አብሯቸው ከሚማር የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጋር ይጣላሉ፣ ይሸነፋሉም።

መርዋ


ከግንባር፣ መስከረም 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለአባባና ለእናቴ፣ ለመርዋም፣

ጨርቁ ደርሶናል። ከአለሙ ጋር ፈቃድ ጠይቀን ወደ ምንጩ ወረድን።

አሥር ወር ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቁበት አጥንት ነበር የቀረው። እስላም ይሁን ክርስቲያን ለማወቅ አንገቱ ላይ ማተብ ፈለግን፣ አጣን። «ክር እኮ ይበሰብሳል» አለኝ አለሙ። አዎ፣ ይበሰብሳል።

ጀሪካኑ ከአጠገቡ ነበር። ክዳኑን አጥብቆ ጨርሶት ነበር፤ ሳነሳው ከበደኝ። ሙሉ ነው። አለሙ ምን እናድርገው ሲለኝ የራሱ ነው አልኩት። በራሱ ውኃ አጠብነው። ከፈኑ በዛልን፣ ከምንጩ በላይ ሁለት ሌሎች ነበሩና ለእነሱም ደረሰ። አባባ፣ ሰባተኛዋን ሜትር እንዴት አወቋት?

እኔ በቀኝ ጎናቸው አስተኛኋቸው። አለሙ ደግሞ በራሱ ጸሎት ጸለየላቸው፣ አቡነ ዘበሰማያት ሲል አሜን አልኩ። ልክ ይሁን ስሕተት አናውቅም። የእርስዎ ሃያ ዓመት አሁን የሦስታችን ነው።

መርዋ፣ ደብዳቤሽ አስተኝቶኝ ነበር። አሁን እምብዛም አልተኛም፤ ቢሆንም ይህኛው ይሻለኛል። አልተቀየምኩሽም። ግን ሁለቱ ሰዎች ከደብዳቤሽ በኋላ ነው የወረዱት። የተኮሰው እጅ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ሚዛን ነኝ አትበዪ፣ ግን ራስሽን እኔ አድርገሽም አትቁጠሪ። ብቻ አትርሻቸው።

ነገ ወደ ፊት እንሄዳለን። ሲመቸኝ እጽፋለሁ።

ኑዕማን


ቴፒ፣ ጥር 21 ቀን 1992 ዓ.ም.

ኑዕማን፣

አራት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ዳንኤልም አልመጣም። ከዚህ በፊት የላክናቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከደረሱህ ይህ ሦስተኛው ነው።

አልረሳኋቸውም። ስም ስለሌላቸው እኔ ስም ላወጣላቸው ፈለግሁና ተውኩት። የሰው ድምፅ ወስጄ አይቻለሁ፣ ስም ደግሞ አልጨምርም።

ወሬ ልንገርህ። ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ አዲስ ዘማቾች ይመዘገባሉ ተብሎ አዳራሹ ሞልቷል። እንደ ልማዱ አያቴን «አሥራ አንድ ጠላት የደመሰሱት አባታችን ወጣቱን ያበረታቱልን» ብለው ጋበዟቸው። ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ። ድምፅ ማጉያው ጮኸ፣ ቲቶ ሮጦ አስተካከለው። ከዚያ አያቴ ተናገሩ፦ «እኔ ሰው አልገደልኩም። ሬሳ ቀባሪ ነበርኩ። የምትሄዱ ሂዱ፣ ከልካይ አይደለሁም፤ በእኔ ወሬ ግን ማንም እንዳይሄድ። አንድ ልጅ ሄዷል።»

ሊቀመንበሩ አጨበጨበ፣ ከዚያ የተባለው ሲገባው አቆመ። ሃያ ዓመት ሱቃችን ውስጥ ሲሞቱ የኖሩት አሥራ አንድ ሰዎች በአንድ ቀን ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

የፈሩት ደረሰ። ሁለት ሳምንት ከእጃቸው ስኳር የሚገዛ ጠፋ፤ ሰዉ እኔ እንድመዝንለት እየጠየቀ እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። የመጀመሪያዋ የመጣችው ያቺ የሸኮ ሴትዮ ናት። እሳቸው እንዲመዝኑላት ፈለገች። ሚዛኑን አጎንብሳ አይታ «ጣትዎ የት ሄደ?» አለቻቸው። ከስብሰባው ቀን በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

እናትህ ጠዋት ጠዋት የሚዛን አውቶቡስ ሲገባ መናኸሪያ ይሄዳሉ። አያቴ «ምን ታደርጊያለሽ፣ ተቀመጪ» ይሏቸውና ከኋላቸው ጥላ ይዘው ይከተላሉ። ይህንን እንዳልጽፍ ተከልክያለሁ። ሌላም የተከለከልኩት አለ። አያቴ ዛሬ የነገሩኝን ጽፌ ቲቶ አንብቦ ፈርሟል፣ በሌላው ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ። እናትህ ሲነበብ ሰምተው «ና በዪው» አሉ። አያቴ ግን እንቢ አሉ። «መምጣት በእጁ አይደለም፤ የማይችለውን መጠየቅ ሰውን ማሠቃየት ነው። በእኔ ስም እንዳይጻፍ» አሉ።

እሺ፣ በእሳቸው ስም አልጻፍኩም። እሳቸው ጓሮ ውዱእ እያደረጉ ነው፣ ፖስታው ገና አልታሸገም። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅና በራሴ ስም ነው፤ ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው።

ኑዕማን፣ ና።

ነጠላ ጫማቸው ተሰማኝ። ድሮ ቢሆን አልደነግጥም ነበር፣ ወረቀት ለእሳቸው ወረቀት ነው። አሁን ግን ነ ላይ ደርሰዋል። ከኋላዬ ቆመዋል፤ የእጃቸው ውኃ ገጹ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፣ ቀለሙ ቢፈስ ይቅርታ። ጎንበስ አሉ። ያንን አውራ ጣት አመጡና ከስምህ ቀጥላ ያለችው ቃል ሥር አሳረፉት። «ነ፣ ኑ፣ ኒ» አሉ በዝግታ፣ አራተኛዋ ላይ ቆሙ። ጣታቸውን አላነሱም፤ ቃሏን ግን አላጠፏትም።

«መርዋ» አሉኝ።